ያረጀው አሴምብሊ ይውጣ፦ ለኦፕን ሶርስ ሠሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ለምትጽፉ፣ ለምታስተዳድሩ፣ ለምታስተምሩና ለምትማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ጊዜው ያለፈበት የአሴምብሊ ኮድ እንዲወገድ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ሲያትልም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው።

ሳላዞር ልግባበት። በየቀኑ በምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች በሚዋሷቸው የተዘጋጁ ኮዶች) ውስጥ ከገበያ ከወጡ ሃያ ምናምን ዓመት ለሆናቸው ፕሮሰሰሮች በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ አለ። የሚያነበው የለም። የሚሞክረው የለም። አንዳንዱን የሚያስኬደው ማሽን ራሱ እንደ ልብ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ ኮዱ በየቨርዥኑ አብሮ ይወጣል። ኮምፓይለር በተቀየረ ቁጥር ይሰበራል፣ አንድ ምስኪን ሜንቴይነርም (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረው ሰው) ቅዳሜውን ሰውቶ ይጠግነዋል።

ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ይህን ኮድ አውጡት። ዝም ብላችሁ ሰርዙት እያልኩ አይደለም። ለክታችሁ፣ አረጋግጣችሁ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ አውጡት። ይህን ሥራ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው አውሮፓና አሜሪካ ካለው በተሻለ ሊሠራው ይችላል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም ያዙልኝ።

አሴምብሊ ነክታችሁ ለማታውቁ፣ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ«ሲ» ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ኮምፓይለሩ ለኢንቴልም፣ ለአርምም፣ ለሌላውም ይተረጉመዋል። አሴምብሊ ግን ለአንድ የፕሮሰሰር ዘር ብቻ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለፍጥነት ነው።

ድሮ ይህን የጻፉት ሰዎች ቀልደኞች አልነበሩም። የ1990ዎቹ ኮምፓይለሮች ደካሞች ነበሩ። በ1993 የወጣውን ፔንቲየም እንውሰድ። ዩ እና ቪ የሚባሉ ሁለት የሥራ መስመሮች ነበሩት። ሁለት ትእዛዞች ባንዴ የሚያልፉት ግን ቅደም ተከተላቸው ከተስማማ ብቻ ነው። ቪ ደግሞ ቀላል ቀላሉን እንጂ ሁሉንም አይቀበልም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ የኢንቴልን ማኑዋል ዘርግቶ ይቀመጥና ትእዛዞቹን እንደ ሹሩባ ይጎነጉናቸዋል። አንዱን ከዚህ ስሌት፣ አንዱን ከዚያ ስሌት እየመዘዘ። የተጎነጎነው ኮድ ለማንበብ ያስመርራል፤ ግን ይሮጣል። ያኔ ልፋቱ ያዋጣ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነገሩ ተለወጠ። በ1995 የመጣው ፔንቲየም ፕሮ ትእዛዞቹን ራሱ እየቃኘ፣ ዝግጁ የሆነውን እያስቀደመ መሥራት ጀመረ። ሰው በእጁ ይለፋበት የነበረውን ቅደም ተከተል ሲሊከኑ ራሱ ተረከበው። ኮምፓይለሮቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር ብናይ፣ ከ12ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ በተለመደው የኦ2 የማፍጠኛ ደረጃ እንኳ ተራ የሆነ የ«ሲ» ሉፕን ብዙ ቁጥር ባንዴ ወደሚያሰላ የቬክተር ትእዛዝ ይቀይራል። ለፔንቲየም የተጎነጎነው ኮድ ግን እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ቀረ።

ሜሞሪን ከቦታ ቦታ የመገልበጥ ነገር ደግሞ ሳቅ ያመጣል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች በሚጋሩት የኤክስ86 ዘር ላይ «ረፕ ሞቭስ» የሚባል፣ የዘሩ መጀመሪያ ከሆነው ከ8086 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ አለ። ሥራው መገልበጥ ነው፣ በቃ። በፔንቲየም ዘመን «ይሄ ቀርፋፋ ነው» ተባለና ሰዎች በአስርዮሽ ቁጥር ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ መያዣዎች) 8 ባይት 8 ባይት እያነሱ መገልበጥ ጀመሩ። በ1997 ኤምኤምኤክስ የተባለው፣ ብዙ ቁጥር ባንዴ የሚያሰላ የትእዛዝ ስብስብ ሲመጣ በእሱ ተጻፈ። በ1998 ኤኤምዲ 3ዲናውን ሲያወጣ ለእሱም ተጻፈ። በ1999 ፔንቲየም 3 ከነኤስኤስኢው ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ። በ2012 ኢንቴል አይቪ ብሪጅ በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ያንኑ ጥንታዊ ትእዛዝ አፈጠነው። ትልልቅ ነገር ሲገለበጥ ከእነዚያ ሁሉ ብልሃቶች ጋር የሚፎካከር ሆነ። ዞሮ ዞሮ ከቤት! በመሃል የተጻፉት ብልሃቶች ግን አሁንም እዚህም እዚያም አሉ። በጻፏቸው ሰዎች አልፈርድም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ እንኳ ባልለካቸው እንጂ።

አሁን አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ኤፍኤፍኤምፔግን ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ የሚነካ ሶፍትዌር አንድ ቦታ ላይ እሱን ሳይነካ አያልፍም ማለት ይቻላል። ውስጡ እንዲህ ይሠራል። ለአንድ ከባድ ሥራ ብዙ አማራጭ ፈንክሽን ይኖራል፤ አንዱ በ«ሲ»፣ አንዱ በኤምኤምኤክስ፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ስብስቦች ደግሞ አንዱ በኤስኤስኢ2፣ አንዱ በኤቪኤክስ2። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን «ምን ምን ትችላለህ?» ይለዋል። መጀመሪያ የ«ሲ»ውን ፈንክሽን አድራሻ ሠንጠረዥ ላይ ያስቀምጣል። ኤምኤምኤክስ ካለ፣ በዚያው ቦታ ላይ የኤምኤምኤክሱን ይጽፍበታል። ኤስኤስኢ2 ካለ፣ የኤስኤስኢ2ውን ደግሞ በዚያ ላይ ይጽፋል። መጨረሻ የተጻፈው ነው ሥራ ላይ የሚውለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ባለ64 ቢት የሆነ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኤክስ86 ፕሮሰሰር ኤስኤስኢ2 አለው። «አብዛኞቹ አላቸው» አላልኩም፤ ሁሉም አላቸው። ባለ64 ቢቱ አሠራር በ2003 ገበያ ላይ ሲወጣ ጀምሮ እንዲኖር ግድ የተደረገ ነገር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የኤምኤምኤክሱ አድራሻ ይጻፋል፣ ወዲያው ሌላ ይጻፍበታል። አንድም ጊዜ ሳይጠራ። ሆን ብላችሁ ኤስኤስኢ2ን ካላጠፋችሁ በስተቀር ያ ፈንክሽን ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በ2022 የኤፍኤፍኤምፔግ ሰዎች ይህንኑ ምክንያት ጽፈው እንዲህ ያሉትን የኤምኤምኤክስና የ3ዲናው ፈንክሽኖች በብዛት አወጡ። ለማንም ቪዲዮ አልዘገየበትም። ሊዘገይ የሚችለው ኤስኤስኢ2 በሌላቸው ባለ32 ቢት ማሽኖች ላይ ነው፤ ለእነሱ ደግሞ የ«ሲ»ው ኮድ እንዳለ አለላቸው።

ኮዱ ቁጭ ብሎ ቦታ ብቻ ቢይዝ ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ኤምኤምኤክስ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ስምንቱ ሬጅስተሮቹ የራሱ አይደሉም። ከድሮው የአስርዮሽ ማስሊያ ክፍል በውሰት የተወሰዱ ናቸው። ሥራ ሲያልቅ «ኤምስ» የምትባል ትእዛዝ ሰጥቶ ለባለቤቱ መመለስ የግድ ነው። ጸሐፊው ይህችን ከረሳት የእሱ ፈንክሽን ምንም አይሆንም። በሰላም ጨርሶ ይወጣል። ጉዱ የሚፈላው ሌላ ሰፈር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ከቪዲዮ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ድምጽ የሚያስተካክል ወይም አማካይ የሚያሰላ ኮድ ድንገት «ቁጥር አይደለም» የሚል መልስ ያገኛል። ባጉን የሚያድነው ሰው ደግሞ የሚፈልገው እዚያ፣ ንጹሑ ኮድ ውስጥ ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

ሌላው የደህንነት ጉዳይ ነው፣ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሊኑክስ ላይ አንድ የአሴምብሊ ፋይል «እኔ ስታክ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ መረጃ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ላይ ኮድ ማስኬድ አያስፈልገኝም» የምትል አንዲት መስመር ያስፈልገዋል። በ«ሲ» ለተጻፈው ኮምፓይለሩ ራሱ ይጨምራታል። በእጅ ለተጻፈው ግን ጸሐፊው ካልጨመራት የለችም። ብዙ ያረጁ ፋይሎች ይህ ልማድ ከመምጣቱ በፊት የተጻፉ ናቸው። ውጤቱን ስሙ። መቶ ፋይል ቢኖርና ዘጠና ዘጠኙ መስመሯ ቢኖራቸው፣ ለአንዷ ጉድለት ሲባል ኤክስ86 ላይ ሊንከሩ (ፋይሎቹን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው) የመላው ፕሮግራም ስታክ ኮድ የሚሄድበት እንዲሆን ምልክት ያደርግበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው። አጥቂ ሲፈልግ የሚያድረውን በር አንድ የተረሳ የ1998 ፋይል ከፍቶ ሰጠው ማለት ነው። የጂኤንዩ ሊንከር ከ2022 ጀምሮ፣ በቨርዥን 2.39፣ ስለዚህ ማስጠንቀቅ ጀምሯል። በ2025 የወጣው ጂሊብሲ 2.41 (የሊኑክስ መሠረታዊ የ«ሲ» ላይብረሪ) ደግሞ እየሄደ ያለ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ላይብረሪ ልጫን ሲል ስታኩን አልከፍትም ይላል። «መስመሯን መጨመር ነው እንጂ ማውጣት ለምን?» የሚል ይኖራል። የሚጠራው ኮድ ከሆነ ልክ ነው፣ ይጨመር። ማንም ለማይጠራው ፈንክሽን ግን ጥበቃ መቅጠር ትርፉ ምንድነው?

ዚሊብን እንይ። ዣን-ሉ ጋይ እና ማርክ አድለር የጻፉት፣ ከ1995 ጀምሮ ያለ የማጨቂያ ላይብረሪ ነው። ፒኤንጂ ምስል የተጨመቀው በእሱ ስልት ነው። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ኮሚታችሁን (እያንዳንዱን የተመዘገበ ለውጥ) ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በእሱ አጭቆ ነው። ዚሊብ «ኮንትሪብ» የሚል ፎልደር አለው፣ ሰዎች በየጊዜው ያዋጡት የሚቀመጥበት። እዚያ ውስጥ ለ686 (ከፔንቲየም ፕሮ ወዲህ ላለው ባለ32 ቢት) እና ለኤኤምዲ64 (ለባለ64 ቢቱ) የተጻፈ አሴምብሊ ነበር። ፈጣን ነው ስለተባለ እሱን ጨምረው የሚገነቡም ነበሩ። ቨርዥን 1.2.11 የወጣው በ2017 መጀመሪያ ነው። ቀጣዩ 1.2.12 በመጋቢት 2022 መጣ። ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ በወጣው የለውጥ ዝርዝር ላይ፣ ባግ የታየባቸው የድሮ አሴምብለር ኮዶች መወገዳቸውን የምትናገር አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ያቺን መስመር እወዳታለሁ። ሐተታ የላትም፣ ይቅርታ የላትም። ኮዱ አሳሳተ፣ ወጣ።

ኤክስዜድ ከተባለው የማጨቂያ ሶፍትዌር ታሪክ ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለውን አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አይቶ፣ ነገርን ከሥሩ ብሎ ሲከታተል፣ ኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተቀበረ የጓዳ በር አገኘ። ሁላችንም ያወራነው ስለ ሜንቴይነሩ ብቸኝነትና ድካም ነው፣ ተገቢም ነበር። ክፉው ኮድ የገባበት ቀዳዳ ግን «አይፈንክ» የሚባል ዘዴ ነበር። ሥራው ፕሮግራም ሲነሳ ለፕሮሰሰሩ የሚስማማውን ፈንክሽን መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ፋይል አለመበላሸቱን ለሚያረጋግጥ ስሌት ያገለግል ነበር። እርግጥ ያ ያረጀ አሴምብሊ አልነበረም፣ አዲስ የፍጥነት ብልሃት ነው። እኔን የሳበኝ በኋላ የሆነው ነው። በ5.6.2 ሜንቴይነሩ አይፈንክን አወጣው። ሲያወጣው የጻፈውን ልብ በሉ፦ ለደህንነት ብዬ አይደለም አለ። የሚያስገኘው ፍጥነት በጣም ትንሽ ነው፣ ለሚያመጣው ውስብስብነት አይመጥንም አለ። ያን ሁሉ መዓት ያየ ሰው በፍርሃት ሊያወጣው ይችል ነበር። እሱ ግን መዝኖ ነው ያወጣው። እኔም የምለምናችሁ ይህንኑ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው። አማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮች ሲሰባሰቡ ይህ ጉዳይ ከተነሳ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፦ «እነሱ ሀብታም ናቸው፣ በየሦስት ዓመቱ ይቀይራሉ። እኛ አገር ያለው አሮጌ ነው። አሮጌውን ኮድ ካወጣችሁ እኛን አወጣችሁ።»

ስጋቱ እውነት አለው። ውጭ አገልግሎ የመጣ ኮምፒውተር በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየጽሕፈት አገልግሎቱ አለ። ግን ሁለት ነገር ተምታቷል። አንደኛ፣ እኛ «አሮጌ» የምንለው እዚህ ጉዳይ ላይ አሮጌ አይደለም። በ2000 መጨረሻ የወጣው ፔንቲየም 4 ኤስኤስኢ2 አለው። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ባለ64 ቢት ነው። ለኤምኤምኤክስ የተጻፈው ኮድ እነዚህን ማሽኖች አያገለግልም። ሊያገለግል የሚችለው ፔንቲየም 3ን፣ አትሎን ኤክስፒንና ከእነሱ በፊት የነበሩትን ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። አሴምብሊ ማውጣትና ድጋፍ ማቋረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፔንቲየም 3 ላይ ሶፍትዌሩን በሕይወት የያዘው የ«ሲ»ው ኮድ ነው። አሴምብሊው ቢወጣ ሶፍትዌሩ ይሠራል፤ ምናልባት ቀስ ይላል። ምን ያህል ቀስ እንደሚል ደግሞ የሚለካ ነገር ነው እንጂ የሚገመት አይደለም። ድጋፍ ማቋረጥ ማየት ለሚፈልግ ምሳሌው ሌላ ነው። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለባለ32 ቢት ኤክስ86 ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) ማስጫኛም አላዘጋጀም። ያ ውሳኔ አሮጌ ማሽን ያለውን ሰው በቀጥታ ይነካዋል። በዚያ ላይ የምትከራከሩ ከሆነ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። እዚህ ግን የምናወራው ስለዚያ አይደለም።

ደግሞስ «እኛ አገር» ስንል ማንን ነው? አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በስልክ ነው። ስልኩ ደግሞ አርም ነው። ለኤክስ86 የተጻፈ ኤምኤምኤክስ ለእሱ ምኑም አይደለም። አንድ ሜንቴይነር በሳምንት ያለችው ትርፍ ሰዓት ጥቂት ናት። የሞተ ፈንክሽን አዲስ ኮምፓይለር ላይ እንዳይሰበር ሲጠግን ያጠፋትን ሰዓት ለርካሽ ስልክ የሚሆን ኮድ ላይ ቢያውላት አትራፊው የመርካቶው ልጅ ነው። አርምም ቢሆን ያረጀ አለው። በ2018 የአንድሮይድ የግንባታ መሣሪያ 17ኛው እትም ለአርምቪ5 እና ለሚፕስ (የድሮ ፕሮሰሰር ዘሮች) መገንባት አቁሟል። ለእነዚህ የተጻፈ አሴምብሊ በየአንድሮይድ ላይብረሪው ተጎልቶ ታያላችሁ።

የሊኑክስ ከርነል ይህን ድፍረት ቀድሞ አሳይቷል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን የጻፈው 386 ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ነው። የ386 ድጋፍ በ2012 መጨረሻ ተነስቶ በ2013 በወጣው 3.8 ላይ አልነበረም። ብዙ እንባ አልፈሰሰም። በ2018፣ በ4.17፣ አርንድ በርግማን ስምንት የፕሮሰሰር ዘሮችን ባንድ ጊዜ አወጣ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መስመር። ኢታኒየም የተባለው ሌላው የኢንቴል ፕሮሰሰር ዘር የመጨረሻው ቺፕ የተላከው በ2021 ነው፣ ከርነሉ ውስጥ የነበረው ኮዱ ደግሞ በጥር 2024 ከወጣው 6.7 ወጥቷል። ይህ ግን ሙሉ ድጋፍ ማንሳት ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው።

ሁሉንም አሴምብሊ እየረገምኩ እንዳይመስላችሁ። ሲስተም ሲነሳ የሚሠራው ኮድ፣ ከርነል ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲቀያየር የሚጠቀምበት ኮድ፣ ያለ አሴምብሊ አይሆንም። ዴቪድ የተባለው የኤቪ1 ቪዲዮ መፍቻ ፍጥነቱን ያገኘው በእጅ ከተጻፈ አሴምብሊ ነው፣ ሥራው ደግሞ ያምራል። የምስጠራ ኮድ ላይ በተለይ እጃችሁን ሰብስቡ። እዚያ አሴምብሊ የሚጻፈው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። የምስጢር ቁልፉ ምንም ይሁን ምን ስሌቱ እኩል ጊዜ እንዲወስድ ይፈለጋል፤ የጊዜ ልዩነት ካለ አጥቂ ከዚያ ተነስቶ ቁልፉን ይገምታል። በ«ሲ» በጥንቃቄ የጻፋችሁትን ኮምፓይለሩ «ላሳጥርላችሁ» ብሎ ያንኑ ልዩነት መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፋይል ያረጀ ቢመስልም፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ሳይመለከተው አትንኩት። የ«ሲ» አቻ የሌለው አሴምብሊ ካጋጠማችሁም መጀመሪያ አቻውን ጻፉ፣ ውጤታቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው የተሻለ ይሠራዋል ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሜንቴይነሮች እነዚህን ኮዶች ማውጣት የሚፈሩት ብዙ ጊዜ ከስንፍና አይደለም። የሚለኩበት ማሽን የላቸውም። ኪውኤሙ የተባለው ሶፍትዌር የድሮ ፕሮሰሰር መስሎ ኮዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ያሳያል፤ ስለ ፍጥነቱ ግን ምንም አይነግርም። ፔንቲየም 3 ደግሞ በርሊን ውስጥ ከሰብሳቢ እጅ ካልሆነ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ የጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ አለ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ «የሚወገድ» ተብሎ፣ ኮሚቴ ሲጠብቅ ዓመታት የሚያስቆጥር ስንት አለ። የምታውቁት ጥገና ቤት ካለ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ካላችሁ አስተዳደሩን አስፈቅዱ።

ማሽኑን ካገኛችሁ በኋላ ሥራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ አቧራውን አራግፉ፤ ቀልዴን አይደለም፣ ፔንቲየም 4 ሲግል ራሱን ስለሚያዘገይ ልኬታችሁን ያበላሸዋል። ዴቢያን 12 ባለ32 ቢት ማሽን ላይ 686 ከሆነ ይጫናል። ከዚያ የፕሮሰሰር መረጃውን ፋይል ከፍታችሁ የችሎታዎቹን ዝርዝር ቅዱ። ኤስኤስኢ2 አለ ወይስ የለም? ላይብረሪውን ሁለት ጊዜ ገንቡት፤ አንዴ ከነአሴምብሊው፣ አንዴ ያለ እሱ። የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤልም ኤፍኤፍኤምፔግም ያለ አሴምብሊ መገንቢያ አማራጭ አላቸው። አንዴ ለክታችሁ አትመኑ፣ ደጋግሙት፣ መሃለኛውን ውሰዱ። ውጤቱ የሚያስገርምበት ጊዜ አለ። አሮጌው አሴምብሊ በራሱ ዘመን ማሽን ላይ እንኳ በአዲስ ኮምፓይለር ከተገነባው «ሲ» ጋር እኩል ሊወጣ ይችላል። ላይወጣም ይችላል። አሴምብሊው በእጥፍ ፈጥኖ ካገኛችሁት፣ የሚጠቀምበት ሰውም ካለ፣ እሱንም በሐቀኝነት ጻፉና ይቆይ በሉ።

ማውጣት ካለበት ደግሞ ፓቹን (የምትልኩትን ለውጥ) ትንሽ አድርጉት። ለአንድ ፈንክሽን ወይም ለአንድ የፕሮሰሰር ዘር አንድ ኮሚት። ኮሚቱ ላይ ኮዱን ማን ይጠራው እንደነበር፣ ዛሬ የሚጠራው ማሽን የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ማሽን እንደለካችሁና ምን እንዳገኛችሁ ጻፉ። አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ እጠቀምበታለሁ» ቢል ደስ ይበላችሁ። በየቨርዥኑ እሱ እንዲሞክረው ጠይቁት። እሺ ካለ ኮዱ ባለቤት አገኘ ማለት ነው፣ ይቆያል። ማንም ካልመጣ ይውጣ። ጊት ታሪኩን ስለሚይዘው የሚጠፋ ነገር የለም፤ ነገ የሚፈልገው ሰው ከመጣ በአንድ ትእዛዝ ይመልሰዋል።

8086 አሴምብሊ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ሁለት ቁጥር ደምሮ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፈው ጽፈው ሰልችቷቸዋል። አንድ እውነተኛ ላይብረሪ ምረጡላቸው። ከውስጡ አንድ ያረጀ ፈንክሽን ይውሰዱ፣ አንብበው ወደ «ሲ» ይመልሱት፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን ከሰው እጅ ሥራ ጋር ያነጻጽሩ። ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ኮማ ጨምሮ «ኦፕን ሶርስ ላይ ተሳተፍኩ» ከማለት ይህ አይሻልም?

ሠራተኛ የምትቀጥሩም፣ ሲቪ ላይ «አራት ሺህ መስመር ኮድ አወጣሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትሳቁበት። ምን እንደለካ ጠይቁት።

ሜንቴይነር የሆናችሁ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ፓች ከማታውቁት ልጅ ሲመጣ «ምን አስቸኮለህ?» ብላችሁ አትመልሱት። ልኬቱን እዩለት። ልኬት ከሌለው ልኬቱን ጠይቁት፣ በየትኛው ማሽን እንደሚሞክርም ንገሩት። እሱ ጋ ማሽኑ ሊኖር ይችላል፣ እናንተ ጋ የለም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለ«ይቆይ፣ ምን አጠፋ?» ባዮች
ንብረት ክፍል ውስጥ ፔንቲየም 3 ለቆለፋችሁ